ሰዓቱን 700 ብር ብቀንስ ገዢው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ሌላውን 950 ስል ግን እያነሳ መለሰው። ለምን?

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ በአንዲት ኮንቴይነር ሱቅ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ። ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ ከቨር፣ የስክሪን መከላከያ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰው አብዝቶ የሚጠይቀኝ ስማርት ሰዓት ነው። የምሸጠው ታዋቂውን ብራንድ አይደለም። ሁላችሁም የምታውቁት፣ ሰባት ማሰሪያ አብሮት በአንድ ካርቶን የሚመጣው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ቁልፍ ያለው፣ አልትራ እያልን የምንጠራው ነው።

መጀመሪያ 2,200 ብር ነበር የምለው። በሳምንት ሦስት ይሸጥ ነበር። ጎረቤቴ ዋጋ ሲሰብርብኝ እኔም ወደ 1,500 አወረድኩት። ሽያጩ በሳምንት ዘጠኝ ገባ። የሚገርመው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ የሚገዛው ሰውም ተለወጠ። በ2,200 የሚገዙኝ ደመወዝ ያላቸው ወጣት ወንዶች ነበሩ። በ1,500 ግን የባጃጅ ሾፌሩም፣ ተማሪውም፣ ለልጇ የምትገዛ እናትም መጡ።

ከዚያ ሌላ ዓይነት አመጣሁ። መልኩ ያው ነው፣ የመጣበት ዋጋ 700 ነው። 950 ብዬ ደረደርኩት። ሰው ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በሳምንት አንድ ቢሸጥ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ዋጋ ሲወርድ ፍላጎት ይወጣል ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ እስከ የት ድረስ? ደግሞስ ሰው የሚፈልገው ሰዓቱን ነው ወይስ ዋጋውን?

ጥያቄውን እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈው። አሁን የምትመጡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ እንዳይከብዳችሁ መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አማርኛ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የእኔንም ጨምሬያለሁ።

መልስ 1 ከለገጣፎ ነው የመጣው። ጸሐፊው ባለትዳር ነው። እያንዳንዱ ቤት ሳይነገር የታወቀ አንድ መስመር እንዳለው አስረዳ። ከዚያ መስመር በታች ያለ ወጪ ምክክር አያስፈልገውም፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ግን ማታ ከሚስት ጋር ይወራበታል። በእሱ ቤት መስመሩ 2,000 ብር ነው። እኔ ሰዓቱን ከ2,200 ወደ 1,500 ሳወርድ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ዋጋ ብቻ አልቀነስኩም። ዕቃውን ከሚመከርበት ወደማይመከርበት አሻገርኩት። ይሄን ሳነብ ከሱቄ ፊት ቆመው እደውላለሁ ብለው የሄዱና ያልተመለሱ ደንበኞቼ ትዝ አሉኝ። ለካ ቤት ተመክሮበት ነው።

መልስ 2 ከአያት የጻፈች ተማሪ ናት። ጓደኞቿ ሰዓቱን የሚገዙት ለራሳቸው ሳይሆን ለስጦታ እንደሆነ ነገረችን። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለወንድም። ለስጦታ ሲሆን ዋናው ሰዓቱ የሚለካው ነገር አይደለም፣ ካርቶኑ ሲከፈት የሚታየው ነው። ሰባት ማሰሪያ ተደርድሮ ሲታይ ሰባት ስጦታ ይመስላል። ዋጋው ደግሞ ተማሪ ከኪሱ አዋጥቶ የሚደርስበት ነው።

መልስ 3ን በጥንቃቄ አንብቡት። የጻፉት በጡረታ ላይ ያሉ የኢኮኖሚክስ መምህር ናቸው። መጀመሪያ ሰላምታ አቀረቡ፣ ቀጥለው ሰዓቱ ስንት እንደሚመጣልኝ ጠየቁኝ። 1,150 ብር መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ጨውን ምሳሌ አድርገው ጀመሩ። ጨው በግማሽ ቢረክስ ማንም ወጡ ውስጥ እጥፍ ጨው አይጨምርም። ስማርት ሰዓት ግን ያለ እሱ መኖር የሚቻል ዕቃ ስለሆነ ገዢው በዋጋው ይወዛወዛል። በእኔ ሱቅ ዋጋው 32 በመቶ ወረደ፣ የተሸጠው ብዛት ግን 200 በመቶ ጨመረ። ገቢዬ ከ6,600 ወደ 13,500 ብር ወጣ። እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ቀጥለው ግን ትርፌን አሰሉልኝ። በ2,200 ስሸጥ ከአንዱ 1,050 አተርፋለሁ፣ ሦስቱ 3,150 ይሆናል። በ1,500 ስሸጥ ከአንዱ 350 አተርፋለሁ፣ ዘጠኙም ያው 3,150 ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ደግሜ ደመርኩት። ትክክል ናቸው። ሦስት እጥፍ ስሸጥ፣ ሦስት እጥፍ ሳስረዳ፣ የሰውን ስልክ ተቀብዬ አፕ ስጭን እየመሸብኝ ስገባ የነበረው ለዚያው ለ3,150 ብር ነው። በዚያ ላይ የሚመለስ ዕቃ አለ። በሦስት ሳምንት ከሸጥኳቸው 27 ሰዓቶች 6ቱ ተመልሰውብኛል።

መልስ 4 የእኔ ነው፤ መምህሩን አመሰገንኩ።

መልስ 5 ስለ 950 ብሩ ነበር። ከሰሚት አካባቢ የጻፈች እናት ናት። ነገሩን በቅቤ አስረዳችው። ለበዓል ገበያ ወጥተሽ የቅቤ ዋጋ ከሌላው በጣም ወርዶ ብታገኚ ትገዣለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አነሳች። አትገዢም። ሙዝ ተቀላቅሎበታል ብለሽ ታልፊያለሽ። ቅቤ ግን ይሸተታል፣ ጣት ላይ ይቀልጣል፣ ይቀመሳል። ሰዓት እንዴት ይቀመሳል? ሰው ውስጡን ማየት ሲያቅተው ዋጋውን እንደ ጥራት ማስረጃ ይቆጥራል። 1,500 ረክሶ የተገኘ ዕቃ ይመስላል፣ 950 ግን ችግር ያለበት ዕቃ ይመስላል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

መልስ 6 አጭር ምክር ነበር። የ950ውን ሰዓት 1,300 እንድለው፣ ካርቶኑንም ፕላስቲክ እንዳለብሰው መከረኝ። ሞከርኩት። በዚያው ሳምንት አምስት ተሸጠ። ይሄን ከናንተ መደበቅ አልፈለግሁም። ደስታው ግን አልቆየልኝም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

መልስ 7 መርካቶ በጅምላ የሚሸጥ ሰው ነው። የጻፈው ረጅም ነው፣ ብዙም ተምሬበታለሁ። የዚህ ገበያ ታሪክ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ አስረዳ። የቻይናው ሻዮሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚ ባንድ የተባለውን የእጅ ባንድ በ79 ዩዋን ሲያወጣ፣ የእርምጃ መቁጠሪያ እንደዚያ ሊረክስ እንደሚችል ዓለም አየ። በዓመቱ የአፕል ሰዓት ከ349 ዶላር ጀምሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ያ ትልቁ የአፕል አልትራ በ799 ዶላር መጣ። የእኛ ሰባት ማሰሪያ ያለው ሰዓት የሁለቱ ልጅ ነው፤ መልኩን ከ799ኙ፣ ዋጋውን ከ79ኙ ወሰደ። ሰው እጁ ላይ የሚፈልገው መልኩን ነው፣ ከኪሱ የሚያወጣው ግን የትንሹን ዋጋ ነው።

ሌላም ነገር ጨመረ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ ደህና ብራንድ ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም የነበረ ሰው ዕቃው ከእጁ ራቀበት። ምኞቱ ግን አልጠፋም፣ አንድ ደረጃ ወርዶ እኛ መደርደሪያ ላይ አረፈ። ስለዚህ በጅምላ ሻጩ አስተያየት የርካሹ ፍላጎት የጨመረው ሰው ርካሹን ስለወደደው ብቻ አይደለም፣ የመካከለኛው ዋጋ ስለሸሸም ነው። ይሄን ሐሳብ ከእሱ በፊት ማንም አላነሳውም ነበር።

ከመልስ 8 እስከ 11 ጨዋታው መስመር ለቀቀ፤ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። አንዱ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር አልሄድ ብሎት ተቸግሯል። እጁ ላይ ያስተካክለዋል፣ ከስልኩ ጋር ሲገናኝ ግን ተመልሶ የስልኩን ይይዛል። ሁለተኛው የስልኩን ሰዓት በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ እንዲመልስ መከረው። ሦስተኛው ይሄ ስህተት መሆኑን አረመ፤ ሰዓት በእጅ ሲዛባ አንዳንድ አፖች አንከፈትም ይላሉ። ያመጣው መፍትሔ ሌላ ነው። እኛ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስድስት ሲቀነስ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል። ያ ደግሞ የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ ከተማውን ቦነስ አይረስ ብሎ መምረጥ ብቻ ነው፣ የጠዋቱ አንድ ሰዓት አንድ ሆኖ ይታያል። እኔም ሞከርኩት፣ ይሠራል። የእርምጃ ቆጠራውም በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከዜሮ ይጀምራል። አራተኛው በአማርኛ የሚመጣለት መልእክት ሰዓቱ ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን እየሆነ መታየቱን አነሳ። ሰዓቱ ውስጥ የፊደላችን ቅርጽ ስላልተጫነ ነው። ሲም ካርድ ተቀይሮ እንደማይስተካከል ነገርኩት፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።

መልስ 12 ከኮዬ ፈጬ ነበር። ጸሐፊው በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ይመላለሳል። ጠዋት ሰልፍ፣ ታክሲ ውስጥ ግፊያ፣ ማታ እንደገና ሰልፍ። በሰልፍና በግፊያ መካከል ስልክ ከኪስ ማውጣት ለሌባ እንደ ማሳየት ነው። ሰዓቱ ሲንቀጠቀጥ እጁን ቀና አድርጎ ማን እንደደወለ ያያል፣ ስልኩ ከውስጥ ኪሱ አይወጣም። ሰዓቱን የገዛው ለዚህ ብቻ ነው። ቢሰረቅም 1,500 ብር ነው፣ ስልኩ ግን የአራት ወር ዕቁቡ ነው። የርካሽ ሰዓት ፍላጎት እዚህ ከከተማው ዳር ለምን እንደበረታ ለሚጠይቅ አንዱ መልስ ይሄ ይመስለኛል። መንገዳችን ረጅም ነው።

መልስ 13 ልቤን ነካው። ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፣ ፈረቃቸው አንድ አይደለም። እሷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት አለባት። የስልክ ደወል ሲጮህ አራቱም ይነቃሉ፣ ማታ ገብታ ገና አንድ ሰዓት የተኛችው ጭምር። በዚህ የተነሳ ብዙ ተጣልተዋል። ርካሽ የእጅ ባንድ በ800 ብር ገዛች። ሌሊት እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ እሷ ብቻ ትነቃለች፣ በጨለማ ለብሳ ትወጣለች። የልብ ምትም፣ እርምጃም አይታ አታውቅም። ይሄ ሰዓት ለእሷ የክፍሉ ሰላም ነው። ከዚህ ወዲህ ርካሽ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማም።

መልስ 14 የነርስ ነው። እስከዚህ ድረስ ውይይቱ በፍቅር ነበር የሄደው። እሷም በጨዋነት ነው የጻፈችው፣ ሐሳቧ ግን ከባድ ነው። እሷ በምትሠራበት ክሊኒክ ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሰዓት ገዝቶላቸዋል። ሰዓቱ በየቀኑ 118 በ76 ስለሚል ድኛለሁ ብለው መድኃኒታቸውን በግማሽ ቀንሰዋል። በክሊኒኩ መለኪያ ሲታይ 178 በ104 ነበር። ነርሷ በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ክንድ የሚያጨናንቅ ነገር እንደሌለ አስረዳች። ያለው አረንጓዴ መብራት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ በየምቱ የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ የልብ ምት ይገመታል። ከዚያ ብርሃን ብቻ ተነስቶ የደም ግፊት መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊትን በትክክል የሚለካው ሁዋዌ ዋች ዲ የተባለው ሰዓት ማሰሪያው ውስጥ አየር የሚሞላ ከረጢት አለው፤ በቻይና ሲወጣ ዋጋው ወደ 3,000 ዩዋን ነበር። የሳምሰንግ ሰዓቶችም በየ28 ቀኑ በእውነተኛ የክንድ መለኪያ ካልተስተካከሉ አይሠሩም። ታዲያ የ1,300 ብሩ ሰዓት በምን ለካ? ጥያቄዋ ለእኔ ነበር።

መልስ 15 ጥያቄውን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። ይሄኛው ሰው አልራራልኝም። 950 የነበረውን 1,300 ብዬ፣ ፕላስቲክ አልብሼ፣ የሰውን ጥርጣሬ በዋጋ አጥፍቼ ሸጫለሁ። ከቅቤ ነጋዴዋ በምን እለያለሁ? እሷ ሙዝ ቀላቀለች፣ እኔ ቁጥር ቀላቀልኩ። ደጋግሜ አነበብኩት። ሐቁ ይሄ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የደም ግፊት ይለካል ተብሎ ተጽፏል፣ እኔም ደንበኛ ሲጠይቀኝ አዎ እል ነበር።

መልስ 16 ሊከላከልልኝ መጣ፣ ነገሩን ግን አባባሰው። ሕዝቡ ገንዘብ የለውም፣ ባለ ገንዘብ ብቻ ሰዓት ይሰር ወይ፣ የገዛው ሰው ራሱ ያጣራ የሚል ነበር። 17 በዚህ ተናደደና ድሃ ስለሆንን ይዋሸን ወይ ብሎ መለሰ፤ ከዚያም ወደ ግል ስድብ ገባ። 18ን የመድረኩ ኃላፊ አጠፋው። 19 ላይ ሁለቱም ስለየሰፈራቸው ውኃና መብራት ነበር የሚጨቃጨቁት፣ እሱን አልመልሰውም።

መልስ 20 ውይይቱን ወደ መስመሩ መለሰው። ጸሐፊው የህንድን ገበያ አመጣ። እዚያ ኖይዝ፣ ፋየር ቦልት እና ቦት የተባሉ የአገሪቱ ብራንዶች ዋጋ እየሰበሩ ስማርት ሰዓትን ወደ ሰፊው ሕዝብ አወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2022 ህንድ በብዛት የዓለም አንደኛ ገበያ እስከመሆን ደረሰች። ቀጥሎ ግን ወረደ። ካውንተርፖይንት የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ባወጣው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ለገበያ የተላከው ስማርት ሰዓት በ7 በመቶ ቀነሰ፤ እንዲህ ሲቀንስ የመጀመሪያው ነው፣ ከምክንያቶቹም አንዱ የህንድ መውረድ ነበር። ከዚያ የራሱን ትርጉም ሰጠ። ርካሽ ዋጋ የመጀመሪያውን ግዢ ያመጣል። ሁለተኛውን ግዢ የሚያመጣው ግን ዕቃው ራሱ ነው። በርካሽ ሞክሮ የተበሳጨ ሰው ወደ ተሻለው አይወጣም፣ ከነጭራሹ ይተወዋል። በዚያው አንድ ጥያቄ ጣለልኝ፤ ከደንበኞቼ ስንቱ ለሁለተኛ ሰዓት ተመልሷል?

ደብተሬን አየሁ። ለቻርጀርና ለከቨር የሚመለሱ ብዙ አሉኝ። ለሁለተኛ ሰዓት የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው።

መልስ 21 እንደገና መምህሩ ናቸው። የተቆጡትን አረጋጉ፣ እኔንም አበረታቱኝ። ዋጋ ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን ጥያቄንም እንደሚቀንስ ጻፉ። ሰው 8,000 ብር ሲያወጣ አስር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዋስትናውን ያያል፣ ሰው ያማክራል። 1,300 ሲያወጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሚሰማው መልስ ከሻጩ አፍ የሚወጣው ብቻ ነው። ስለዚህ በርካሽ ዕቃ ላይ የሻጭ ቃል ክብደቱ ይጨምራል። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

መልስ 22 የእኔ ነው። እሑድ ሱቁን ዘግቼ ሰዓቶቹን ፈተንኳቸው። የ1,500ውን ግራ እጄ ላይ፣ የ1,300ውን ቀኝ እጄ ላይ አሰርኩ። ያለንበት ሕንፃ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከምድር እስከ ላይ ሁለት ጊዜ በሩጫ ወጣሁ። ላይኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ 30 ሰከንድ ቆጠርኩ። 67 መጣ፣ በእጥፍ 134 ማለት ነው። የግራው 127 ይላል፣ ክፉ አይደለም። የቀኙ 76 ይላል። ላብ እየወረደኝ፣ ልቤ ጆሮዬ ድረስ እየመታ፣ እሱ 76 ነው። ትንሽ ጠብቄ ደግሜ ነካሁት፣ 77 አለኝ።

ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ ሁለቱንም በየተራ ሙዝ ላይ አሰርኳቸው። መብራቱ ቢጫውን ልጣጭ አረንጓዴ አደረገው። የደም ግፊት የሚለውን ነካሁ። ቀስት እየተሽከረከረ ትንሽ ቆየ። የቀኙ ሙዙን 117 በ76 ነው አለ። የግራውም ቁጥር ሰጠ፣ 121 በ79። ታናሽ እህቴ አጠገቤ ነበረች፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። የእናታችንም ግፊት ከፍ ይላል። ባለፈው ፋሲካ ይሄንኑ ሰዓት የሰጠኋት እኔ ነኝ።

መልስ 23 እርማት ነው፣ ተቀብያለሁ። ሙዝ ወይም ሶፍት ላይ የልብ ምት ማሳየት ብቻውን ሰዓቱ ሐሰተኛ ነው አያሰኝም። መብራቱ የሚመለስ ብርሃን ይፈልጋል እንጂ ሰው መሆኑን አያውቅም፣ ውዱም ሊሳሳት ይችላል። የደረጃው ፈተና ግን ልክ ነው፤ ዕረፍት ላይና ሩጫ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጥ ሰዓት እየለካ አይደለም። ይሄው ሰው ስለ ስኳር በሽታም አስጠነቀቀ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር እለካለሁ የሚል ማንኛውንም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት ሰዎች እንዳይጠቀሙ፣ እሱ ፈቃድ የሰጠው አንድም እንደሌለ ተናግሯል። እኔ ካሉኝ ካርቶኖች በአንዱ ላይ የደም ስኳር የሚል ምልክት አለ። እሱን ከመደርደሪያ አውርጄዋለሁ።

መልስ 24 ነርሷ ናት። ስለ ደረጃው ሩጫ አመሰገነችኝ፣ ለእናቴ የክንዱን መለኪያ እንድገዛላት አሳሰበችኝ። ገዝቻለሁ። አሁን በየጠዋቱ አረፍ ብላ ትለካለች፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሰዓቱንም አልጣለችውም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታስረዋለች፣ ቀለሙን ስለምትወደው።

መልስ 25 ከዚህ ወዲያ በሱቄ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። በ26 ላይ መለስኩ። የ1,300ውን ወደ 950 መልሼዋለሁ። መስታወቱ ላይ በትልቁ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የሚችለውን ጻፍኩ፤ ጥሪና መልእክት ያሳውቃል፣ በመንቀጥቀጥ ይቀሰቅሳል፣ እርምጃ በግምት ይቆጥራል። ከስሩ በቀይ የማይችለውን ጻፍኩ፤ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኦክስጅን አይለካም፣ ለሕክምና አትጠቀሙበት። በ1,300 የገዙኝን አምስቱንም በስልካቸው ፈልጌ ደወልኩ። አራቱ አነሱ። ሁለቱ ብራቸውን ወሰዱ፣ ሁለቱ ልዩነቱን 350 ብር ወስደው ሰዓቱን አስቀሩ።

ሽያጩን ለምትጠይቁኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የ1,500ው ከዘጠኝ ወደ አምስት ወረደ። ትርፌ 1,750 ብር ሆነ፣ ጎድቶኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሰባት ተሸጠ። ከአስራ ሁለቱ አንድም አልተመለሰብኝም። ያልጠበቅሁት ደግሞ የ950ው ነው። ወረቀቱን አንብበው አራት ሰዎች ገዙት። አንዷ ለምን እንደመረጠችው ጠየቅኋት። የማይችለውን ስለነገርሽኝ የሚችለውን አመንኩሽ አለችኝ። እሷም እንደ ቦሌ ለሚዋ እህት ለሌሊት ፈረቃ መቀስቀሻ ነው የፈለገችው።

መልስ 27 ጎረቤት ሱቅ ያው ሰዓት አሁንም ግፊት ይለካል ተብሎ እየተሸጠ የእኔ ወረቀት ምን እንደሚለውጥ ጠየቀ። ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። በ28 ላይ መምህሩ አጭር ነገር መለሱለት፤ ሙዙን ይዞ ወደ ጎረቤት ሱቅ መሄድ ይቻላል።

መልስ 29 ስለ ቻርጀር ነበር። ሰዓቱ ደህና ነው፣ የማግኔት ገመዱ ግን ጠፍቶበት ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ገዝቶ ሞክሮ አልያዘለትም። በ30 ላይ እንዲህ መለስኩለት። ሁለት ነጥብ ያላቸው ገመዶች ሁሉ አንድ አይደሉም። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በአንዱ 2.84 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከመግዛትህ በፊት የሰዓቱን ጀርባ በማስመሪያ ለካው። ሁለቱም ዓይነት እኔ ጋ አሉ፣ 150 ብር ናቸው። ሰዓቱን ራሱን ይዘህ ና፣ እዚሁ ሰክተን አይተን ትወስዳለህ።